«የት ጋ ልፈርም?»፦ ባለቤቴ የጋራ ቤታችንን ሳላውቅ ያስያዘ ጊዜ

ባለቤቴ ወረቀት ይዞ ሲመጣ የምለው ነገር አንድ ነበር። «የት ጋ ልፈርም?» እሱ በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ እፈርማለሁ። አንዳንዴ ቆሜ፣ አንዳንዴ በአንድ እጄ ሕፃን አቅፌ፣ አንዳንዴ ጫማዬን እያሰርኩ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ነርስ ነኝ። ሥራ ላይ አንድ መርፌ ከመውጋቴ በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የታካሚውን ስም ደጋግሜ አያለሁ። ብልቃጡን ሳነሳ አነባለሁ፣ ስቀዳ አነባለሁ፣ ስመልሰው አነባለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ማንበብ አቆማለሁ። የወረቀት ነገር የእሱ፣ የልጆቹ ነገር የኔ ተባብለን ነበር። ይሄን መተማመን እለው ነበር። ግማሹ እውነትም መተማመን ነው። ግማሹ ድካም ነበር።

ስም፣ ከተማ፣ አገር አልጠቅስም፤ ልጆቼ አንድ ቀን ያነቡታል። የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ያላችሁ ሰዎች እኔ ያባከንኩትን አራት ወር እንዳታባክኑ ብዬ ነው።

ነገሩ የታወቀኝ ከማታ ፈረቃ በተመለስኩበት አንድ ጠዋት ነው። በፊርማ የሚሰጥ ፖስታ መጣ። ልማድ አይደል፣ ከየት እንደመጣ እንኳ ሳላይ ፈርሜ ተቀበልኩ። ከመተኛቴ በፊት ልየው ብዬ ከፈትኩት። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይላል። በእኔና በባለቤቴ ስም የተወሰደ ብድር አለ፤ የሦስት ወር ክፍያ አልተከፈለም፤ ካልተከፈለ በመያዣ የተያዘው ቤት በሐራጅ ይሸጣል። የተጻፈው አድራሻ የቆምኩበት ቤት ነው።

ቤታችን እዳ አልነበረበትም። ከፍለን ጨርሰነዋል። የመጨረሻውን ክፍያ የከፈልን ቀን ሁለታችንም ከሥራ ቀርተን ቀኑን ሙሉ ተኝተን ነው የዋልነው፤ ደስታችን እንደዛ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ተሳስቶ የመጣ መሰለኝና ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ስሜን ጠየቀችኝ፣ ኮምፒውተሯን ነካካች፣ ከዛ በትህትና «እርስዎም ፈርመዋል እኮ» አለችኝ።

የዛኑ ቀን ማታ ደብዳቤውን ፊቱ ላይ ዘረጋሁት። የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ ይሄ ነው። መጀመሪያ «የማላውቀው ነገር ነው» አለ። ቀጥሎ «አንቺ ነሽ የፈረምሽው፣ ረስተሽው ነው» አለ። እኩለ ሌሊት ላይ አለቀሰ። ሥራው ከሦስት ዓመት በፊት መክሰር እንደጀመረ፣ ቤቱን አስይዞ እንደተበደረ፣ ያንን ለመሸፈን ሌላ እንደጨመረ ነገረኝ። «ለናንተ ብዬ ነው» አለ። እኔም አለቀስኩ። አብረን አልቅሰን ተኛን።

ጠዋት ስነሳ ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረው የወረቀት ካርቶን የለም። አቧራው ላይ አራት ማዕዘን ቅርጹ ብቻ ቀርቷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ ቢያንስ ለሁለት ሦስት ቀን ዝም በሉ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ በስልካችሁ አንሱት፦ የባለቤትነት ማረጋገጫውን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ የግብሩን ደረሰኝ፣ የድሮ ውሎችን። ፎቶዎቹን ለምታምኑት ሰው ላኩ እንጂ እሱ የይለፍ ቃሉን በሚያውቀው ስልክ ላይ አታስቀምጡ። መጠየቁ ይደርሳል። ከጠየቃችሁ በኋላ ግን ወረቀት እግር ያወጣል።

ከዛ በኋላ አራት ወር ዝም አልኩ። «ሦስት ወር ስጪኝ፣ አስተካክለዋለሁ» አለኝ፣ ሰጠሁት። አማቴ እንዴት እንደሰማች አላውቅም፣ ደውላ «ልጄ፣ ገመናሽን ሰው አይስማው» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። እኔም ከሷ ባልተናነሰ አፍሬ ነበር። ሥራ ቦታ ሰዎች ስለ ባሎቻቸው ሲያሙ «የኔስ ተመስገን» የምል ሴት ነበርኩ። አሁን ምን ልበል?

በነዚያ ወራት ክፍያውን ከደሞዜ መክፈል ጀመርኩ። ቤቴን እያዳንኩ መስሎኝ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ያለ ምንም የጽሑፍ ተቃውሞ የማታውቁትን ብድር መክፈል ብድሩን እንደተቀበላችሁት አድርጎ ሊያስቆጥርባችሁ ይችላል። ሐራጁን ለማዘግየት መክፈል ግድ ቢሆን እንኳ «መብቴን ጠብቄ የምከፍለው ነው፣ ውሉን አልተቀበልኩትም» የሚል ደብዳቤ አብሮ ይሂድ። ደብዳቤውንም ጠበቃ ይየው።

ከገንዘቡ በላይ የጎዳኝ ግን «አንቺ ነሽ የፈረምሽው» የሚለው ነገር ነው። ምክንያቱም ሊሆን ይችላል! አንብቤ የፈረምኩት ወረቀት ኖሮ አያውቅም። ማን ነኝ ብዬ ነው አልፈረምኩም የምለው? ማታ ማታ ሥራ ቦታ፣ ታካሚዎቹ ሲተኙ፣ የፈረምኳቸውን ወረቀቶች ለማስታወስ እሞክር ነበር። የመጣልኝ የእሱ ጣት ብቻ ነው፤ «እዚህ ጋ» የሚለው ጣት።

አንድ እሁድ ከሰዓት እስክሪብቶና አራት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ። ፊቱ ቀሎታል። ብድር ሰጪው የክፍያ ጊዜውን ለማራዘም ተስማምቷል፣ «ፎርማሊቲ ነው፣ ነገ ማስገባት አለብኝ» አለ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። አፌ «የት ጋ ል...» ብሎ ጀምሮ ቆመ።

አነበብኩት። ቀስ ብዬ፣ እንደ መድኃኒት ብልቃጥ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሦስተኛው አንቀጽ፣ ከዚህ ቀደም በፊርማዬ የተደረጉት የብድርና የመያዣ ውሎች ትክክለኛ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ፣ ወደፊትም ተቃውሞ አላነሳም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጊዜ ማራዘሚያ ከሆነ፣ ስለ ድሮው ፊርማ ምን አገባው?

«ፈረቃ ልገባ ነው፣ ነገ እፈርምልሃለሁ» አልኩት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አራቱንም ገጽ በስልኬ አነሳሁ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ አንደኛውን ሦስት ጊዜ ነው ያነሳሁት።

በነጋታው ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ያቺ ወረቀት ብትፈረም ኖሮ ምን እንደሚሆን ስትነግረኝ ወንበሩን ይዤ ነው የሰማሁት። በሐሰት በስማችሁ የተፈረመ ውል አይጸናባችሁም። በኋላ በእውነተኛ ፊርማችሁ «አጽድቄዋለሁ» ካላችሁ ግን የሐሰቱን ውል እራሳችሁ ነፍስ ትዘሩበታላችሁ። ስለዚህ ማጭበርበሩን ካወቃችሁ በኋላ «ማራዘሚያ»፣ «ማስተካከያ»፣ «ማደስ» የሚል ወረቀት ሲመጣ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። ወረቀቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በፈገግታ ነው።

ጠበቃዋ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ታሪኬን ስጀምርላት እጇን አንስታ አስቆመችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «መቼ ነው ያወቅሽው?» እኔ ስለ ክህደት ላወራ ነው የመጣሁት፤ እሷ ቀን ትጠይቀኛለች። ስነግራት በጣቷ ቆጠረች። ፊቷ ተኮሳተረ።

ይሄን ልብ በሉልኝ። በብዙ አገር ሕግ አንዱ የትዳር ጓደኛ የሌላውን ፈቃድ ሳይዝ የጋራውን ቤት ቢሸጥ ወይም ቢያስይዝ፣ ሌላው ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ግን ሰዓት ይቆጠራል፣ የሚቆጠረውም ብዙ ጊዜ ካወቃችሁበት ቀን ነው። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) አንቀጽ 68 ላይ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም ለማስያዝም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። አንቀጽ 69 ደግሞ የመቃወሚያውን ጊዜ ይገድባል፦ ካወቃችሁ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ግዴታው ከተገባ 2 ዓመት ሳያልፍ። ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እሱንም ማየት ያስፈልጋል። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 215 ካወቁበት ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ይሰጣል። እናንተ ያላችሁበት አገር ስንት እንደሚሰጥ ዛሬውኑ ጠይቁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣበትን ፖስታም አትጣሉ፤ ማህተሙ ላይ ቀን አለ።

እኔ «ሦስት ወር ስጪኝ» ሲለኝ የሰጠሁት ከዚህ ሰዓት ላይ ቆርጬ ነው። ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው።

በዚያው ሳምንት ወንድሜን ነገርኩት። አራት ወር ሙሉ የፈራሁት ሰው እሱ ነበር። «ነግሬሽ ነበር» ይለኛል ብዬ። ሰምቶ ሲጨርስ ዝም አለ፣ ከዛ «ወረቀቶቹ የት ናቸው?» አለኝ። በቃ። እንዲህ የሚል አንድ ሰው ፈልጉ። ከእናንተ ጋር የሚራገም ሰው ሞልቷል፤ የሚጠቅማችሁ አብሯችሁ ወረቀት የሚያገላብጥ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ንብረት የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ነው። ቤቱ በስሜ ስላለ ማስረጃ የማውጣት መብት አለኝ፤ የባለቤቴ ፈቃድ አያስፈልገኝም። ይሄን እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ገጽ ሰጡን። እዳና እገዳ በሚለው ሥር ሁለት ምዝገባ አለ። አንዱ የሦስት ዓመት፣ ሌላው የአንድ ዓመት ከመንፈቅ። ቤት ውስጥ የማገኘውን ወረቀት ሳይሆን ከመዝገቡ በቀጥታ የወጣውን ማየት ነበረብኝ፤ እሱ ጋ ያለው ቅጂ ላይ ምንም እዳ የለም፣ ምክንያቱም የድሮ ቅጂ ነው። የጋራ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ምንም ባትጠረጥሩም፣ በዓመት አንዴ ይሄን ወረቀት አውጡ። በእንግሊዝና በዌልስ የመሬት መዝገቡ በነፃ የሚሰጠው የማንቂያ አገልግሎት አለ፤ እስከ 10 ንብረት ድረስ ታስመዘግባላችሁ፣ ቤቱ ላይ መያዣ የመሳሰለ ነገር ሲሞከር ኢሜይል ይመጣላችኋል። አይከለክልም፣ ግን ያነቃል። በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሦስቱ የብድር መዝገብ ድርጅቶች ጋ (ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን) በስማችሁ አዲስ ብድር እንዳይከፈት ማዘጋት ትችላላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ነፃ ነው።

የመጀመሪያው ብድር የተወሰደው በኔ ውክልና ነው። እውነተኛ ውክልና፣ እኔው የሰጠሁት። ከዓመታት በፊት እናቴ ታማ ሁለት ወር ልጠብቃት ስሄድ አንድ ጉዳይ እንዲጨርስልኝ ብዬ ነው የፈረምኩት። ጉዳዩ ትንሽ ነበር። ወረቀቱ ግን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ለመበደር» ይላል። ያኔ «ቅጹ እንደዛ ነው» አለኝ፤ የት ጋ ልፈርም አልኩ። እናቴ ድና ተመለስኩ። ውክልናው ግን እንዳለ ቀረ። የትም ሳይሻር መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ቆየ።

ውክልና ስትሰጡ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ስጡ፣ የሚያበቃበትን ቀን አስጽፉበት። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለምሳሌ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል ይላል (ቁጥር 2205)። ችግሩ የተዘጋጁት ቅጾች ያንን ልዩ ሥልጣን ሁሉ አብረው መደርደራቸው ነው። የማትፈልጉትን አሰርዙ። ስትሽሩም ለባለቤታችሁ መንገር አይበቃም፦ ውክልናው የተረጋገጠበት ቢሮ በጽሑፍ ይሻር፣ ቅጂው ለባንኮቹና ለንብረት መዝገቡ ይድረስ፣ ዋናው ወረቀት ይመለስላችሁ። እኔ ያን ሁሉ ያደረግኩት ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ብድር ሌላ ታሪክ ነው። ያኔ ብድር ሰጪው ሁለቱም ባለቤቶች ራሳቸው እንዲፈርሙ ይጠይቅ ነበር። ባለቤቴ ምን አለ? «ሚስቴ የማታ ፈረቃ ናት፣ ቤት ወስጄ አስፈርማታለሁ።» ሰጡት። ሲመልሰው ስሜ ሥር ፊርማ አለበት።

የውሉን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቀን ስናገኝ ፊርማውን አይቼ ልቤ ቀጥ አለ። የኔ ፊርማ ነው! ቁርጥ የኔ። ለካ ረስቼው ነው ብዬ ልቀመጥ ስል ወንድሜ «ዛሬ እንዴት ነው የምትፈርሚው?» አለኝ። ፈረምኩለት። ከስድስት ዓመት በፊት የቀኝ አውራ ጣቴ በር መሃል ገብቶ ተሰብሯል። ከዛ ወዲህ እስክሪብቶ አጥብቄ መያዝ አልችልም፣ መጨረሻ ላይ የነበረችውን ቅልብስ ትቼ በቀጥታ መስመር ነው የምጨርሰው። ውሉ ላይ ያለው ፊርማ ቅልብሷ አለችው። የገለበጠው ሰው ከድሮው ውክልና ላይ ነው የገለበጠው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ውል ላይ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የተውኩት ፊርማ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። ወንድሜ ያበድኩ ነው የመሰለው። እብድ አለመሆኔን ያወቅኩት በዚያች ቅልብስ ነው።

ፊርማችሁ ተመስሎ ከተፈረመ ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል። አንደኛ ዋናው ሰነድ ለምርመራ እንዲቀርብ አስጠይቁ። ኮፒ ላይ የእጅ ጫናው፣ እስክሪብቶው የተነሳበትና የተንቀጠቀጠበት ቦታ በደንብ አይታይም። ሁለተኛ በዚያው ጊዜ አካባቢ በተለመደ ሥራ ላይ የፈረማችኋቸውን ወረቀቶች ሰብስቡ፦ የባንክ ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ፎርም፣ የሥራ ቦታ መዝገብ። ለምርመራው ብላችሁ ዛሬ የምትፈርሙት ብቻውን ደካማ ነው። እኔ የታካሚ ርክክብ መዝገብ ላይ በየፈረቃው እፈርማለሁ፤ በዓመት በመቶ የሚቆጠር ፊርማ ማለት ነው። ፈርሜያለሁ በተባለበት ቀን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነበርኩ። እሱም መዝገብ ላይ አለ።

የሐራጁ ነገር በዚህ መሃል አልቆመም። «ፍርድ ቤት ከስሻለሁ እኮ፣ አይሸጡትም» ብላችሁ አትዘናጉ። መክሰስና ማሳገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እግድ ለብቻው ይጠየቃል። በአንዳንድ አገር ብድር ሰጪው ቤቱን ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድም አያስፈልገው ይሆናል። በኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ በውሉ ከተስማማ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። እኛ እግዱን ያገኘነው ሐራጁ ሊወጣ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው።

የባንክ ስቴትመንቱ የመጣው በኋላ ነው። የጋራ ሂሳብ ነበረን፤ ግን መልእክቱ ሁሉ የሚገባው በእሱ ስልክ ነው፣ ሂሳቡን ስንከፍት የተመዘገበው የእሱ ቁጥር ስለሆነ። ሂሳባችሁ ላይ የማን ስልክ እንዳለ እስኪ እዩት። ወንድሜ ሦስት ባለቀለም እስክሪብቶ ገዛ። አረንጓዴ ለቤት ወጪ፣ ቢጫ ለማናውቀው፣ ቀይ ደግሞ ባለቤቴ ገንዘብ ይልክበት ለነበረው የኢንተርኔት የውጭ ምንዛሪ ንግድ። የሳሎኑን ምንጣፍ ሙሉ ወረቀት አድርገን ለሁለት ቀን ተንበረከክን። የመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴም አለው። ሁለተኛው ብድር ከገባ በኋላ ያሉት ገጾች ቀይ ብቻ ናቸው። አንድ ሌሊት አራት ጊዜ የላከበት ቀን አለ። ቀኑን አስታውሼዋለሁ፤ የትንሿ ልጃችን ልደት ነው፣ ኬክ ስንቆርስ ስልኩን ሲያይ ነበር።

ይሄ ቀለም መቀባት ለንዴት ብቻ አልነበረም። ብድሩ ለቤተሰቡ ጥቅም ውሏል ወይስ አልዋለም የሚለው ነገር እዳውን ማን ይሸከመዋል ለሚለው ጥያቄ ከባድ ሚዛን አለው። «ለናንተ ብዬ ነው» የሚለውን ንግግር የመለሰልኝ ቀዩ እስክሪብቶ ነው።

ብዙ ሰው «ፍቺ አውጪ፣ ይገላገላል» ይለኝ ነበር። ተፋታን፣ አዎ። ግን ፍቺ ከብድር ሰጪ አያገላግልም። የፍቺው ፍርድ «እዳውን እሱ ይክፈል» ቢል፣ ያ በእናንተና በእሱ መካከል ነው። ውሉ ላይ ስማችሁ እስካለ ድረስ ብድር ሰጪው እናንተኑ ይጠይቃል። ሁለቱን ጉዳዮች ለያይታችሁ ያዙ፤ የሚችል ጠበቃ ካገኛችሁ ግን ሁለቱንም አንድ ሰው ቢያውቃቸው ይሻላል።

ፖሊስ ጋ እኔ አልሄድኩም። የልጆቼ አባት ነው። ልክ ነበርኩ አልልም፤ ጠበቃዋም አልወደደችልኝም። የፊርማው ምርመራ ውጤት ከመጣ በኋላ ብድር ሰጪው ራሱ አመለከተበት። ያ ጉዳይ የራሱ መንገድ አለው፣ እዚህ አልገባበትም።

ለትልቋ ልጄ የነገርኳት ዘግይቼ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። «አባትሽ ገንዘብ ላይ ዋሽቶኛል፣ ቤቱን ልናጣው እንችላለን» አልኳት። «ለዚህ ነው የምትጮኹት? እኔ እኮ በኔ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ሌላ ምንም ባትሰሙኝ ይቺን ስሙኝ፦ ልጆች የማታወሩላቸውን ነገር ራሳቸው ላይ ይደፉታል።

ክርክሩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። የመጀመሪያው ብድር ጸና። ውክልናው የኔ ነው፣ ብድር ሰጪውም በቅን ልቦና ነው የሠራው ተባለ፤ ጊዜውም አልፏል። ሁለተኛው እኔን በሚመለከት ተሻረ። እኔ ስፈርም አላዩኝም፣ ወረቀቱን ለባሌ አሸክመው ነው የላኩት። በእንግሊዝ ያኔ የመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጠው ውሳኔ ሚስት ለባሏ እዳ ቤቷን ስታስይዝ ባንኩ ነገሩ በሕግ ባለሙያ በደንብ እንዲገለጽላት የማድረግ ግዴታ አለበት ተብሏል። ጠበቃዋ ይሄን ስትነግረኝ «ታዲያ እኔን ማን አስረዳኝ?» አልኳት። «አንቺም አልጠየቅሽም» አለችኝ። ትንሽ ቅር አለኝ። እውነት ነው ግን።

ከዛ ቤቱን ሸጥነው። ለማቆየት ሞክሬ ነበር፤ በአንድ ደሞዝ አይሆንም። በሐራጅ ከሚሸጥ ራሳችን ብንሸጠው ይሻላል ብለን ተስማማን። በሐራጅ የሚወጣ ቤት ብዙ ጊዜ ከገበያው በታች ነው የሚሄደው፣ ወጪውም ብዙ ጊዜ ባለእዳው ላይ ነው የሚወድቀው። የመጀመሪያው ብድር ከሽያጩ ተከፈለ፤ ለቤት አለመዋሉ በስቴትመንቱ የታየው ያህል ከእሱ ድርሻ ተቀነሰ። የደረሰኝ ከጠበቅኩት ያነሰ፣ ከፈራሁት የበለጠ ነው።

የሽያጭ ውሉን የፈረምን ቀን ጠረጴዛው ዙሪያ ስድስት ሰው ነበርን። ገዢዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። የቀድሞ ባለቤቴ ከጠረጴዛው ማዶ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል። ጸሐፊው አሥራ አንድ ገጽ ውል አቀረበልኝ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ በጣቱ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ።

ወደ ገጽ አንድ መለስኩት። መነጽሬን አደረግኩ። አንድ ሰው ተነፈሰ፣ አንድ ሰው ሰዓቱን አየ። ቀና አላልኩም። ገዢዋ ልጅ ስትንጠራራ አየኋት፣ የራሷን ቅጂ ስባ እሷም ማንበብ ጀመረች።

ገጽ ሰባት ላይ ስሜ በአንድ ፊደል ተሳስቷል። «አርመው ያምጡልኝ» አልኩና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።